የአቶ ሽቦ ጥገና

ጥቅምት 9 ቀን

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ደህና ነኝ ብልህ አታምነኝም፤ ደህና አይደለሁም ብልህ ደግሞ እንቅልፍ ታጣለህ። ስለዚህ ቆማ ትሄዳለች ብለህ ያዝልኝ። መልሴ ስለዘገየ ይቅር በለኝ። እጄ መርፌ እንጂ ብዕር አልለመደም፤ አንድ ገጽ ስጽፍ አንድ ቀሚስ የምጨርስበት ጊዜ ያልፋል። ዐይንህ ከደከመ ወዲህ የጎረቤትህ ልጅ እያነበበችልህ፣ የምትለውንም እየጻፈችልህ መሆኑን ስለማውቅ ፊደሉን ለያይቼ ነው የምጽፈው። በጽሑፌ እንዳትስቅብኝ ንገራት። የልጄ ቀብር ላይ ስላልተገኘህም ደግመህ ይቅርታ አትጠይቀኝ። በምን እንደቀረህ አውቃለሁ።

ወደ ጠየቅከኝ ልመለስ። መኪናዋን አልሸጥኳትም።

«ሽጫት፣ ግቢሽም ልብሽም ያርፋል» ብለህ ነበር። ብረት ገዢው መጥቶም ነበር። ጎማዋን በጫማው ረገጥ ረገጥ አደረገና «እማማ፣ ይቺ እኮ መኪና አይደለችም፣ የመኪና ሬሳ ናት» አለኝ። ቃሉ ከአፉ እንደወጣ ደነገጠ፤ በዚህ ግቢ ማን እንደሞተ ትዝ አለው መሰለኝ። እኔም ሬሳ ምን እንደሚመስል ካንተ አልማርም ብዬ በሩን አሳየሁት።

ጋሼ፣ ልጄን አልቅሼዋለሁ፣ ገናም አለቅሰዋለሁ። ይሄኛው ግን ሌላ ነው። ሊያጽናናኝ የመጣው ሰው ሳይቀር ከበር ወጣ ሲል «ምስኪን፣ ተሸውዶ ሞተ» ይላል። ያን ሁሉ ዓመት የለፋበትን ይዞ ይህችን አሮጌ የጭነት መኪና ገዛ፣ አንድ ጭነት ሳይጭንባት ድንገተኛው ሕመም ወሰደው። አንተም በመጨረሻው ደብዳቤህ «ዐይንህን ጨፍነህ ነው የገዛኸው፣ ጥለሃት ውጣ» ብለኸው ነበር። እሱ ደግሞ «ሞተሩ ጤነኛ ነው፣ የታመመው የበፊቱ ሰውዬ ጥገና ነው» ይለኝ ነበር። መልስ ሊጽፍልህ ሲል ነው የተኛው።

እንግዲህ ከሁለታችሁ አንዳችሁ ልክ ናችሁ። የትኛው እንደሆነ ሳላውቅ ለቁርጥራጭ ብረት አልሰጣትም። መካኒክነትን ያስተማርከው አንተ ነህ። አሁን ደግሞ እኔን አስተምረኝ።

እህትህ


ጥቅምት 24 ቀን

ለእህት ዓለሜ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። አባታችን «ይቺ ልጅ እንቢ ካለች በሬም አይጎትታት» ይል ነበር፤ እውነቱን ነው። ልጅቷ ደብዳቤሽን አንብባ ስትጨርስ «ጋሼ፣ እኚህ ሴትዮ ከእርስዎ ይብሳሉ» አለችኝ።

እኔ አሁንም በቃሌ ነኝ። ልጁ ራሱ ያየውን ጉድ ሁሉ ጽፎልኝ ነበር፤ እንደዚያ የተጨማለቀ ሞተር ውስጡ ደህና ሆኖ አላጋጠመኝም። ግን አስተምረኝ ካልሽ ስሚኝ።

ምንም እንዳትጠግኚ። መጀመሪያ የበፊቱ ባለቤት የሠራውን ሁሉ አውጪ። ከላይ ጀምሪና ወደ ታች ውረጂ። ያወጣሽውን በጨርቅ ላይ በወጣበት ተራ ደርድሪ። ጎረቤትሽን ቀጮን ጥሪው፤ ሹፌር ነውና ጉልበቱን ያበድርሽ። መፍቻ አስይዘሽው ግን ዘወር እንዳትዪ። ሹፌርን ሞተር ጠግን ማለት ድመትን ወተት ጠብቂ እንደማለት ነው። የምታዪውን ሁሉ ሳትቀንሺ ጻፊልኝ። እኔ እጅና ጆሮ ብቻ ነው የቀረኝ፤ ዐይን አንቺ ሁኚኝ።

አንድ ነገር ከአሁኑ ልንገርሽ። ብትነሳልሽ እንኳ ልጅሽ ልክ ነበር አልልሽም። ባዶ መኪና ሁሉ ጎበዝ ነው። ሙሉ ጭነት ይዛ የወፍጮ ቤቱን ዳገት ስትወጣ ያን ጊዜ እናወራለን። ያ ዳገት በእኔ ዘመን ስንቱን መኪና አዋርዷል።

አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅሽ፣ እውነቱን ንገሪኝ፤ በዚያ ደብዳቤዬ ልጁ ተቀይሞኝ ነበር ወይ? ባይመችሽም ንገሪኝ።

ወንድምሽ


ኅዳር 15 ቀን

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

ጤናህን እንዲመልስልህ እየለመንኩ ነው። የዘገየሁት ሥራ ይዞኝ ነው፤ ሥራ ይዞኝ ብዬ ስጽፍ ለራሴም ገረመኝ።

አንተ «አውጪ» ያልከውን እኛ መተርተር እንለዋለን። ክፉ ስፌት ላይ ደግመህ ብትሰፋበት የምታገኘው ሁለት ክፉ ስፌት ነው። ይህን ለሙያተኛ መንገር አያስፈልግም፤ ለእኔም ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገኝም። በመጀመሪያው ቀን የሞተሯን መከለያ ስከፍት የታየኝ ሽቦ ነው። ቧንቧው በሽቦ ታስሯል፣ ብሎን በጎደለበት ሁሉ ሽቦ ተጠምዟል፣ ሽቦውን የያዘውም ሌላ ሽቦ ነው። ቀጮና እኔ የበፊቱን ባለቤት አቶ ሽቦ ብለን ስም አወጣንለት።

አቶ ሽቦ የውሃ መውጫ ቀዳዳ ሲያፈስበት እንጨት ጠርቦ ወትፎበታል። ራዲያተሩ ሲያንጠባጥብበት ዱቄት ጨምሮበታል፤ ዱቄቱ ሊጥ ሆኖ፣ ሊጡ ድንጋይ ሆኖ ነው ያገኘሁት። ሁለት ብረት በሚገናኝበት ቦታ ፍሳሽ የሚከለክለውን ወረቀት፣ ጋስኬቱን፣ ሊያስገባ ሲገባው የጎማ ከመነዳሪ ቆርጦ አስገብቷል፣ እሱም አልበቃ ሲለው እንደ ሊጥ የሚለጠፍ ማጣበቂያ ቀብቶበታል። በዘይት ማጣሪያው ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቋል። ጨርቁን አጥቤ አየሁት፤ የሸሚዝ ጀርባ ነው፣ ስፌቱ ግሩም ነው። ያን ሸሚዝ የሰፋው ሰው የት እንደዋለ ቢያይ ያለቅስ ነበር።

ቀጮ ስሙ ለሹፈት የወጣለት መሆኑን ታስታውሳለህ። ከመኪናዋ ስር እገባለሁ ብሎ ሆዱ ላይ ሲደርስ ተሰካ፤ እሱ ከውስጥ ይስቃል፣ እኔ እግሩን እጎትታለሁ። ስለዚህ ከስር የምገባው እኔ ነኝ። የልጄን ቱታ ለበስኩ። እጀታው ረዘመብኝ፤ መቀሱን እያነሳሁ እያስቀመጥኩ ቆየሁ። መጨረሻ ላይ አልቆረጥኩትም፣ አጥፌ ሰፋሁት። ሲፈለግ ተተርትሮ ይመለሳል።

አሁን ደግሞ የምነግርህን በደንብ ስማ። ከፊት ወደ ኋላ እየተረተርኩ ስሄድ አንድ ቦታ ላይ ሽቦው አለቀ። ከዚያ ወዲያ ብሎኖቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፣ ዘይት ተቀብተዋል፣ ብረቱ ተፍቆ ነጽቷል፣ ማጣበቂያ የለም። ለካ ልጄ ከኋላ ነበር የጀመረው። እስከዚያ ድረስ ሠርቶ ነበር። መርፌው ስፌቱ መሀል ተሰክቶ የቀረ ልብስ ታውቃለህ? እንደዚያ ነው የሆነብኝ። ቀጮ ፊቴን አይቶ ውሃ ላምጣልሽ ብሎ ሄደ፤ ሳያመጣ ቆየልኝ። ስነሳ ግን ጋሼ፣ አላለቀስኩም። የእሱን ሥራ ከአቶ ሽቦ ሥራ ጎን ለጎን ማየት እንዴት እንደሚያኮራ ብታውቅ።

ተቀይሞኝ ነበር ወይ ላልከው፣ አልተቀየመህም። እስከ መጨረሻው አለቃ እያለ ነበር የሚጠራህ። አንድ ነገር ግን ብሏል፣ አልደብቅህም። «አለቃ ሞተሩን ሳይሰማ ነው የፈረደው» ብሏል። አዝኖ እንጂ ተናዶ አይደለም።

እህትህ


ኅዳር 28 ቀን

ለእህት ዓለሜ፣

የመጨረሻውን መስመር ልጅቷን አስደገምኳት። ስለሱ ዛሬ ምንም አልልም።

ብሎኖቹ አንድ ዓይነት መሆናቸው አልገረመኝም፤ ሲማር ያልተስተካከለ ብሎን ሲያስገባ ባየሁት ቁጥር ማንኪያ ሰጥቼ ምሳህን ብላ እለው ነበር፣ ለመካኒክነት አልተፈጠርክም ለማለት። ይህ ሁሉ ግን የላይ የላዩ ነው። የሞተር ነገር የሚለየው ከሆዱ ነው። ከስር ያለውን የዘይት ገንዳ አውርጂው። ዋናውን ዘንግ አቅፎ የያዘ፣ ግማሽ ቀለበት የመሰለ ልስልስ ብረት ታገኛለሽ። አንዱን ብቻ ፍቺ፤ የትኛው ወገኑ ወዴት እንደሚያይ ምልክት አድርጊበት። ከዚያ ጥፍርሽን በውስጡ ላይ አሂጂው። ጥፍርሽን ከያዘው ተቧጭሯል፣ ነገሩ አብቅቷል፣ ብረት ገዢውን ጥሪው። ካልያዘው ጻፊልኝ።

እንዳትዋሺኝ። ለእኔ ስትዪም ለእሱ ስትዪም እንዳትዋሺ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 12 ቀን

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

እንዳትዋሺኝ በማለትህ ሁለት ቀን ተቀይሜህ ነበር። ከዚያ ትቼዋለሁ።

ገንዳው ሲወርድ ግማሹ ዘይት ፀጉሬ ላይ ነው የፈሰሰው። ያልከውን ግማሽ ቀለበት አወጣሁት፤ በልብስ መስፊያ ጠመኔዬ ምልክት አድርጌበታለሁ። እጄን በሳሙና ታጠብኩ፣ አደረቅኩ፣ ከዚያ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጬ ጥፍሬን አሄድኩበት። አንተ ታውቃለህ፣ እኔ ሐር ላይ የተበጠሰ አንድ ክር በጥፍሬ የማገኝ ሴት ነኝ። አልያዘኝም። ዞር አድርጌ ከሌላው ጫፍ አሄድኩት። አልያዘኝም። ቀለሙ እንደ ጥሩ የኮት ገበር ነው፣ ግራጫ ሆኖ ደብዘዝ ያለ፣ አንድ ወጥ። ለማረጋገጥ ብዬ ቀጮን አንተም ሞክረው አልኩት፤ እሱም ጥፍር የለኝም፣ በልቼ ጨርሼዋለሁ አለኝ።

አቶ ሽቦ እዚህ ድረስ አልደረሰም ጋሼ። እጁ የደረሰበትን ሁሉ አበላሽቷል፣ ሆዷን ግን አልነካም። ልጄ ይህን ሳይፈታ እንዴት እንዳወቀ ንገረኝ። አውቃለሁ፣ አትነግረኝም። ዳገቱን ትውጣ ትለኛለህ።

መልሼ እየገጠምኩ ነው። ቀጮ ከገበያ የጋስኬት ወረቀት በጥቅል አምጥቶልኛል። የብረቱን ቅርጽ በጠመኔ አንስቼ ራሴ ቀደድኩት። እጄ ደስ አለው። ቅዱን ብታየው ኮርተህ ትሞታለህ።

እህትህ


ጥር 4 ቀን

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

ዝም ያልኩህ ታምሜ አይደለም፤ የምጽፈው አጥቼ ነው።

መጀመሪያ ተነሳች። ቀጮ ሲያስነሳት አሳላት፣ አሳላት፣ ከዚያ ያዘች። ጭሷ ጥቁር ነበር፣ ሳሳ፣ ከዚያ ጠፋ። ድምጿን አንድ ወጥ ስፌት ከማለት ሌላ ቃል አላውቅለትም። ቀጮ ኮፍያውን አወለቀ። ጎረቤት ሁሉ አጥር ላይ ወጣ፣ እኔም በልጄ ቱታ መሀል ግቢ ቆሜ አንገቴን ቀና አደረግኩ።

በማግስቱ ባዶዋን ወደ ዳገቱ ወሰድናት። ግርጌው ላይ ሳንደርስ ፈላች። እንፋሎቱ እንደ ትልቅ ካውያ ፉ ብሎ ወጣ፣ ውሃው መንገዱ ላይ ፈሰሰ። ብረት ገዢው የት እንደነበር እንጃ፣ ከየት መጣ ሳይባል ከጎኔ ቆመ። «እማማ፣ ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» አለኝ። በገመድ ተጎትታ ነው ወደ ቤት የገባችው፣ በሰፈሩ መሀል፣ በቀን።

ጥፍሬ ዋሽቶኝ ከሆነ ንገረኝ። ልጄ ተሳስቶ ከሆነም ከሰው አፍ ሳይሆን ካንተ ልስማው፤ እችለዋለሁ። ያደረግኩትን ሁሉ ሳልቀንስ ጻፊ ባልከው መሠረት እነሆ። ራዲያተሩን ሊጡ እስኪለቅ አጥቤዋለሁ፣ ውሃ በንጽሕና ያሳልፋል። እንጨቱን አውጥቼ በልኩ ብሎን አስገብቻለሁ። ውሃ የሚገፋው ፓምፕ ከሞተሩ ጋር የሚገናኝበትን ጋስኬት በጥንቃቄ ቀድጄ አስገብቻለሁ፤ የብሎኖቹን ቀዳዳ በወስፌ፣ በልካቸው። ዳር ዳሩን እንደ ወጉ ትንሽ ጣት የምታህል ትርፍ ትቼለታለሁ፣ ለመሀለኛው ትልቅ ቀዳዳም በውስጥ በኩል እንዲሁ፤ ኋላ ማስፋት ቢያስፈልግ ብዬ። አንድም ቦታ አያፈስም። ከዚህ የቀረ የማውቀው የለም።

እህትህ


ጥር 17 ቀን

ለእህት ዓለሜ፣

ልጅቷ «ትርፍ ትቼለታለሁ» የሚለው ላይ ስትደርስ አስቆምኳትና ድገሚው አልኳት። ደገመችው። ከዚያ ሳቅ ያዘኝ። ከልጁ ሞት ወዲህ የሳቅኩት ይህን ብቻ ነው፤ ይቅር በይኝ፤ አንቺም ትስቂያለሽ።

እህቴ፣ ሞተር አይወፍርም፣ አይከሳም። ትርፍ አይተውለትም። መሀል ያለው ትልቁ ቀዳዳ ውሃው የሚያልፍበት በር ነው፤ ያንን በር በትርፍሽ ግማሹን ዘግተሽበታል። ውሃው መዞር አቃተው፣ ፈላች። ዕድሜዬን ሙሉ መካኒክ የሚያጠፋውን ጥፋት ሁሉ አይቻለሁ፣ ሹፌር የሚያጠፋውንም አይቻለሁ። ይህንን ግን ልብስ ሰፊ ካልሆነ ማንም አያጠፋውም።

ፓምፑን አውርጂ። ምላጭ ውሰጂና ወረቀቱን ከብረቱ ከንፈር ጋር እኩል አድርገሽ ቁረጪው፣ ፀጉር የምታህል ሳታስተርፊ። የዳሩን ተይው፣ ለመልክ ካልሆነ አይጎዳም። ሌላው የሠራሽው ሁሉ ደህና ነው። ደህና ነው ስል እኔ እንደምለው ነው፤ እኔ ደህና ነው ስል ልጅሽ ቀኑን ሙሉ ያፏጭ ነበር።

ጥፍርሽ አልዋሸሽም። ሌላውን ከዳገቱ በኋላ።

ወንድምሽ


ጥር 30 ቀን

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

ወጣች።

ቶሎ ብዬ የጻፍኩት ከሌላ ሰው እንዳትሰማው ነው። አዎ ስቄያለሁ፤ ለቀጮ ስነግረው ደግሞ «እንኳን ክርና መርፌ አላስገባሽበት» አለኝ፣ እስካሁንም አልተወኝም። በምላጭ እንዳልከኝ ቆረጥኩት፣ ገጠምነው፣ ግቢው ውስጥ ስትሠራ ዋለች፤ ራዲያተሩ ይሞቃል እንጂ አይፈላም።

ከዚያ ጡብ ጫንን። ግማሽ እናድርግላት ቀጮ ቢለኝ እንቢ አልኩት፤ አለቃ ሙሉ ነው ያለው አልኩት። ጋቢናው ውስጥ ከጎኑ ተቀመጥኩ። ግርጌው ላይ ልንደርስ ስንል ባለፈው የፈላችበትን ቦታ አየሁትና ፊቴን አዞርኩ። ቀጮ ማርሽ ቀነሰ፣ እሷም ድምጿን ወፈር አድርጋ ተያያዘችው። አልተንተባተበችም። መንገዱ መሀል አንዲት ትንሽ መኪና ቆማብን ነበር፣ ቀጮ የኛዋን አቆማት፤ ከቆመችበት ዳገት ላይ ደግሞ አስነሳት። ይህንን እንድታውቅልኝ እፈልጋለሁ፤ ከነጭነቷ፣ ከቆመችበት።

አናቱ ላይ ጡቡን ስናራግፍ አንድ ደልደል ያለ ሰውዬ መጥቶ ዞራት። በሩን ነካ አደረገ፣ ጎንበስ ብሎ ስሯን አየ። ቀጮ በክርኑ ጎሸም ሲያደርገኝ ገባኝ፤ አቶ ሽቦ ራሱ ነው። ክፉ ሰው አይመስልም፣ እንዲያውም ፈገግታው ደስ ይላል። ይቺ የኔ አልነበረችም ወይ አለኝ፣ ነበረች አልኩት። እኔ ጋ ሳለች ይህን ዳገት ባዶዋንም ወጥታው አታውቅም ብሎ ጭንቅላቱን ነቀነቀ።

«ምን ጨመራችሁባት?» አለኝ።

«አልጨመርንባትም። ያንተን አወጣንላት።»

ቀጮ ሳቁን በሳል ሊደብቅ ፊቱን አዞረ። ሰውዬው አልተቀየመም፤ መካኒካችሁ ማን ነው፣ እኔም ሌላ መኪና አለኝ አለኝ። ልጄ ነው አልኩት። የት ነው ያለው አለኝ። የሸጥክለት ልጅ ነው፣ አርፏል አልኩት። ሰውዬው ኮፍያውን አወለቀ፤ ከዚያ ጡብ ማውረድ ጀመረልን። ብረት ገዢው ግርጌ ቆሞ እንደነበር ስንወርድ አየሁት፤ ሰላም ብዬው አለፍኩ።

ጋሼ፣ ልጄ ስለቀረብኝ ዛሬም ቤቱ ባዶ ነው፤ ይህን መኪናም አይሞላው። ነገር ግን ዛሬ በሰፈሩ መሀል ሳልፍ «የዚያ መካኒክ እናት» ሲሉ ሰማሁ። ከሞተ ወዲህ ምስኪን ያላሉት ዛሬ ነው።

ዳገቱን ወጥታለች፤ ጭነቱም ሙሉ ነበር። ተራው ያንተ ነው።

እህትህ


የካቲት 11 ቀን

ለእህት ዓለሜ፣

ልጅሽ ልክ ነበር። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።

ይህችን መስመር ልጅቷ በትልልቁ እንድትጽፋት አዝዣታለሁ። ለቀጮ አንብቢለት፣ ለብረት ገዢውም አንብቢለት፤ ማን አለ ቢሉሽ ያስተማረው አለቃው በዪ። ብዙ ልጅ አስተምሬያለሁ፤ የበለጠኝ እሱ ነው። እሱ ሞተሩን ሳይፈታ አወቀ፣ እኔ ሳልሰማው ፈረድኩ።

ቀጮ ወደዚህ የሚያመጣ ጭነት ሲያገኝ አብረሽው ነይ። መንገዱ ጠበብ ይላል እንጂ እስከ በሬ ድረስ ያስገባችኋል። ወንበሬን ደጅ አውጥቼ እጠብቃችኋለሁ።

ስትደርሱ ሞተሩን እንዳታጠፉት።

ወንድምሽ